ጠለፋ ያልነው ንፋስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝና «እንግዲህ ጋሽ ደረጀ፣ አሁን ማረፍ ነው!» አሉኝ። ኧረ ተዉኝ! ማረፍ የት አውቄ ነው የማርፈው? ባለቤቴ አስካለ «አንተ ሰውዬ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ምን ያስደነግጥሃል? የምትጠብቀው ሰው አለ እንዴ?» ትለኛለች። አለ እንጂ። ላምቤቦ ይባላል። እሱ ወንጂ፣ እኔ አዳማ ሆነን በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው። ድምፁ ናፍቆኛል። ስለ ሥራ ዘመንህ ጻፍ ሲሉኝ ስለ ሽቦና ስለ ምሰሶ የምጽፍ ይመስላቸዋል። ስለ ሽቦም እጽፋለሁ፤ ግን ብዕሬን ያስነሳኝ እሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሞጆ ነው፣ በመዳብ ሽቦ ጊዜ። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ሲለኝ ወደ አርሲ ነገሌ አዛወሩኝ። እዚያ የነበሩት አለቃዬ አቶ ጉደታ መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እፍ» ይሉበትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ቀጥኗል፤ ሦስተኛ ሰው አለበት» ካሉ አለቀ። አንድ መስመር ላይ ሌላ ስልክ ሲንጠለጠል ድምፁ ይቀጥናላ! እኛም ምሰሶ ለምሰሶ እንሄድና ከአንዱ እህል ነጋዴ መጋዘን ጀርባ ቅጥያ ሽቦ እናገኛለን። የተፎካካሪውን የስንዴ ዋጋ ሊሰማ ነው እንግዲህ። አቶ ጉደታ ቅጥያውን ቆርጠው ለባለቤቱ ራሱ በእጁ ይሰጡታል። «ይኼ የአንተ ነው መሰለኝ» ይሉታል። ክስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰውዬው ግን ከዚያ ወዲያ ባዩን ቁጥር መንገድ ያቋርጣል።

ከዚያ ፋይበር መጣ። ፀጉር የሚያክል መስታወት ነው፤ ወሬውን የሚሸከመው ብርሃን ነው። ልጣጩን ትገፈዋለህ፣ በአልኮል ትጠርገዋለህ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገህ ትቆርጠዋለህ፣ ከዚያ በእሳት ብልጭታ ታጣብቀዋለህ። ስብርባሪው ጣት ውስጥ ከገባ አይታይም፤ ማታ ፊትህን ስትታጠብ ነው የሚነግርህ። እኔ በእጄ ጎበዝ ነበርኩ፣ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ይቆጨኝ ነበር፤ መስታወት አይቀጥንም። ሌባ ኬብሉን ትንሽ ካጎበጠው ብርሃኑ በጉብጠቱ ይፈሳል፤ እሱ ከፈሰሰው ይጠጣል፤ ተነጋጋሪዎቹ ምንም አይሰሙም። የአቶ ጉደታ ጆሮ እዚህ ላይ ዋጋ አጣ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ዶክተር ትርንጎ ያገኙኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አዳማ ውስጥ አንድ አነስተኛ የምርምር ክፍል ነበራቸው፤ ዛሬ የለም። ፋይበር የሚያጣብቅ ሰው ፈልገው ሲያናግሩኝ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «መስመር ላይ ሦስተኛ ሰው ሲኖር በምን ታውቅ ነበር?» ስለ አቶ ጉደታ ነገርኳቸው። እስኪያነቡ ሳቁ። «እኔም የምፈልገው ይኼንኑ ነው፤ ሲነካ የሚቀጥን ብርሃን!» አሉ። ደመወዙ ከድሮው ብዙም አይበልጥም ነበር። ገባሁ።

ነገሩ ኳንተም ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ እሳቸው ሲያስረዱት ቀላል ነው። ብርሃንን እያደከምክ፣ እያደከምክ ሄደህ በመጨረሻ አንዲት ቅንጣት ብቻ ትልካለህ። ቅንጣቷ ዜሮን ወይ አንድን ትሸከማለች፤ ስትልካት ወይ ቀጥ አድርገህ ወይ ሰያፍ አድርገህ ነው። ተቀባዩ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ገምቶ ያያታል። ኋላ በተራ ስልክ ይደዋወላሉ፤ ግምቱ የገጠመውን ይይዛሉ፣ ያልገጠመውን ይጥላሉ። የተያዙት ቅንጣቶች የተሸከሙት ዜሮና አንድ በስልክ አይነገርም፤ ወሬ የሚቆለፍበት የምስጢር ቁልፍ የሚሆነው እሱ ነው። መሀል ላይ ሌባ ካለ እሱም ሳያያት አይሰርቃት፤ ካያት ደግሞ ያበላሻታል። ስለዚህ ከያዙት ላይ ጥቂቱን ቆንጥረው ጮክ ብለው ያስተያያሉ። ከተለያየ ተነክቷል ማለት ነው።

ዶክተር የእንግሊዝኛ ስም አይወዱም ነበር። ላኪዋን ጫፍ «አልማዝ» አሏት፣ ተቀባዩን «በቀለ»፣ ሌባውን ደግሞ «ጆሮ ጠቢ»። የሥራ ክፍሉ ለመሣሪያው ሲባል ይቀዘቅዝ ስለነበር በአዳማ ሙቀት ሹራብ ለብሰው ይውሉ ነበር፤ ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ቆሎ የበላ እጅ ግን መስታወቱን አይነካም፤ ሳይታጠቡ ከተጠጋህ «እጅህን!» ይላሉ፣ ሚኒስትርም ብትሆን። መጥፎ ዜና ስትነግራቸው አይቆጡም። «እስቲ ከመጀመሪያው ድገምልኝ» ይላሉ። ስትደግመው ራስህ ስህተትህን ታገኘዋለህ። ሕጋቸውም አንድ ነበር፦ «ስህተቱን ሁሉ ጆሮ ጠቢ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሙቀት ይሁን፣ ንፋስ ይሁን፣ አትማሩት። ከልኩ ካለፈ ቁልፉን ጣሉ፤ ነገ ሌላ ይወለዳል።»

እኔ አልማዝ ሆንኩ። በቀለ የሆነው ላምቤቦ ነው። ወንጂ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ተቀባዩን መሣሪያ እዚያ አቆምን፤ ኬብሉ ከአዳማ በምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ላምቤቦ እዚያው ወንጂ ነው የተወለደው። አባቱ ከሀዲያ ሸንኮራ ሊቆርጡ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ኤሌክትሪክ ተምሯል፤ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ይዘምራል፤ ቀልዱ አያልቅም። ማሽኑ ሥራውን ብቻውን በሺህ ጊዜ እየደጋገመ ይሠራል፤ ዶክተር ግን «ነገሩ እጃችሁ ውስጥ ይግባ» ብለው ጠዋት ጠዋት ጥቂቱን በቃል ያሠሩን ነበር።

«ሃሎ አዳማ! ወንጂ ነኝ፤ ሸንኮራ ልላክ?»

«ወሬህን ትተህ ሥራ!»

«እሺ ጋሼ። ቀጥ።»

«ያዝ።»

«ሰያፍ።»

«ጣል።»

«ሰያፍ።»

«ያዝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ጣል አበዙብኝ! እትዬ አስካለ ቁርስ ሳይሰጡ ነው የሸኙዎት?»

አቤት እነዚያ ጠዋቶች! ሥራ ነው እንዳትል ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ነው እንዳትል ሥራ ነው። ዛሬ የሚደውሉልኝ ሁሉ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብቻ ናቸው።

ላምቤቦ ጫልቱን ያገኛት በኳየር ነው። የሁሩታ ልጅ ናት፤ አዳማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ወጉን ጠብቆ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ስንዴ አራሽ ናቸው፤ ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ። ቀን ተቆረጠ። ላምቤቦ ያን ሰሞን በ«ቀጥ» እና በ«ሰያፍ» መሀል መዝሙር ይጨምርብን ነበር።

በዚያው ሰሞን መሣሪያውን በውሰት የሰጡን ሰዎች ሊያዩን መጡ። ጠዋት ሲፈተሽ ንጹሕ ነው። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ፊት ስህተቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከልኩ አለፈ። ዶክተር እንደ ሕጋቸው ቁልፉን አስጣሉ። እንግዶቹ ማስታወሻቸውን ይዘው ሄዱ። የጥበቃ ኃላፊያችን ግን ጉዳዩን ያዘው። ድሮ ወታደር የነበረ፣ የማይስቅ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ቁልፉ ለምን ተጣለ?»

ዶክተር «ጆሮ ጠቢ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ለእኛ ዘመን ሰው ያ ቃል የእስር ቤት ትዝታ አለው፤ ወታደር ፊት አይቀለድበትም። ስለዚህ የተሻለ ነው ያሉትን ቃል መረጡ።

«መስመሩ ላይ ጠለፋ አለ ማለት ነው።»

«በየት በኩል?»

«ስህተቱ የታየው በወንጂው ጫፍ ነው።»

«እዚያ ማን ነው ያለው?»

«ላምቤቦ» አሉ። ስለ ሥራ ድልድል የጠየቃቸው ነው የመሰላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ለእኔም እንደዚያው ነው የመሰለኝ።

ሰውዬው ወጣና ወንጂ ቀበሌ ደወለ። «ላምቤቦ የሚባል ወጣት በጠለፋ ተጠርጥሯል፤ አጣሩልን» አለ። በቃ። ቀበሌ ጠለፋ ሲባል ምን ይሰማል? ሁለት ሚሊሻ እናቱ ቤት ሄደው በሩን አንኳኩ።

«ልጅቷን የት አደረጋት?»

«የቷን ልጅ?»

«የጠለፋትን ነዋ!»

እናቱ ወገባቸውን ይዘው «እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ? ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን የተቆረጠለት ልጅ ለምን ይጠልፋል?» አሉ። ሚሊሻዎቹ አልጋ ሥር ሁሉ ፈልገው ሄዱ። ሲመሽ ነገሩ ተጣራ፤ የስልክ ጠለፋ ነው ተባለ፤ ቀበሌውም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ላምቤቦ በማግስቱ ጠዋት «ሃሎ አዳማ! ጠላፊው ነኝ!» ብሎ ነው የጀመረው።

ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እኛ ስንስቅ ወሬው የሁሩታን አውቶቡስ ተሳፍሯል። «የጫልቱ እጮኛ ወንጂ ላይ ሌላ ልጅ ጠልፎ ፖሊስ እየፈለገው ነው» ተባለ። አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ «አይ፣ ሴት አይደለም፣ የሰው ስልክ ነው የሚጠልፈው» ብሎ አስተካከለ፤ ማስተካከሉ ባሰ። ጠላፊ ነበር፣ አሁን ሰላይ ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ላምቤቦ የሰማው ከሁሉ በኋላ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሰርጉ ይቅር ብለው ላኩ። ጫልቱንም ወደ ሁሩታ ወሰዷት።

ዶክተር ሲሰሙ የዘገኑትን ቆሎ መልሰው ኪሳቸው ጨመሩት። «ከመጀመሪያው ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «ቃሉ የኔ ነው። እኔ ሄጄ አስረዳለሁ» አሉ። እሳቸው፣ እኔና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በክፍሉ ፒካፕ ሁሩታ ሄድን። ላምቤቦ አዳማ ሆኖ እንዲጠብቀን ነገርነው።

ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ተቀበሉን። «አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ግቡ» ብለው አስቀመጡን፤ ትኩስ ወተት አረፋው እንደቆመ በብርጭቆ አቀረቡልን። ዶክተር ወተቱን እንደያዙ ጀመሩ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ የኛ ሥራ እንደዚህ ወተት ነው። ለጎረቤት ስትልኩ አረፋው ሞልቶ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ አንዱ ከቀመሰው አረፋው ይጠፋል፤ ተቀባዩ ያውቃል።»

«ገባኝ።»

«እና በዚያ ቀን አረፋው ጠፋብን።»

ኦቦ ቶሎሳ አሰቡ። «አህያ ላይ ሲናወጥም ይጠፋልኮ፣ ማንም ሳይቀምሰው» አሉ።

«አዎ!» ዶክተር ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ። «ኬብሉ በምሰሶ ላይ ነው፤ የአዳማን ንፋስ ያውቁታል። ንፋሱ ሊሆን ይችላል!»

«ሊሆን ይችላል ወይስ ነው?»

ሽማግሌው ዶክተርን ጎሸም አደረጓቸው፤ እኔም በልቤ «ነው በሉ፣ አንዴ ነው በሉ!» እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን የማያውቁትን አውቃለሁ ብለው አያውቁም።

«መሣሪያው አይለይም» አሉ። «ንፋስ ይሁን ሰው፣ እስካሁን አልለየንም። እኔ ግን ልጁን አውቀዋለሁ፤ አያደርገውም።»

«እኔም አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ልጠይቅዎ። ያልለየላችሁን ቁልፍ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እንጥለዋለን።»

«ንፋስ ሊሆን ይችላል እያላችሁ?»

«አዎ። አንምረውም።»

ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ራሱ ወርዶ ነበር። «ታዲያ የኔ ልጅ ከቁልፍ ታንሳለች?» አሉ።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አለቃ ሲረታ አይቻለሁ፤ በራሱ ሕግ ሲረታ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ዶክተር ወተታቸውን ጠጥተው ጨረሱ፤ ሳይጨርሱ መነሳት ነውር ነው። ኢተያ ስንደርስ «አቁምልኝ» አሉ። ወርደው ጀርባቸውን ሰጥተውን አለቀሱ። ሽማግሌውና እኔ መኪናው ውስጥ ሆነን ወደ ሌላ አቅጣጫ አየን።

አዳማ ስንደርስ ላምቤቦ ሸሚዙን ተኩሶ በክፍሉ በር ላይ ቆሟል። ነገርኩት። ሌላ ሰው ይንገረው ብዬ ነበር፤ ዶክተርና ሽማግሌው በየቤታቸው ስለወረዱ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዶክተር ምን አሉ? እሱ አይደለም አሉ?»

«መሣሪያው አይለይም አሉ።»

«እውነታቸውን ነው ጋሼ። መሣሪያው አይለይም» አለኝ። ከዚያ «እሳቸው ግን መሣሪያ አይደሉም» አለ። የወንጂውን ክፍል ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በሳምንቱ እናቱ ጋ ስንሄድ መተሃራ እንደገባ ነገሩን። ዶክተር ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ ሲሉ እናቱ ይዘው ቀና አደረጓቸውና «ይቅርታውስ ይሁን፤ ልጄን ማን ይመልስልኛል?» አሉ።

በምትኩ ሌላ ልጅ ተቀጠረ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ቀልድ የለውም። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ስህተቱ አልሄደም! ላምቤቦ ሄዶ ስህተቱ እዚያው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ይወጣል፣ ንፋሱ ሲተኛ ይወርዳል። ዶክተር አንድ ቀን ሹራባቸውን አውልቀው በፀሐይ ከኔ ጋር መስመሩን በእግር ተከትለው ሄዱ። ሜዳው ላይ ኬብሉ ከምሰሶ ምሰሶ ረግቦ ንፋሱ ሲያወዛውዘው አየን። ሲወዛወዝ መስታወቱ ውስጡ ይጠመዘዛል፤ ቀጥ ብሎ የተላከው ሰያፍ ሆኖ ይደርሳል። ያንን ሜዳ ቆፍረን ኬብሉን ቀበርነው። ስህተቱ ጠፋ። የሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም፤ እንደዚያም አሳዝኖኝ አያውቅም።

ዶክተር ብቻቸውን ሁሩታ ተመለሱ። ኦቦ ቶሎሳ አሁንም በወተት ተቀበሏቸው። «እኔ መች ሌባ ነው አልኩ? የፈራሁት የሰው አፍ ነው። እሱን በምን ትቀብሩታላችሁ?» አሏቸው። ጫልቱ ጓዳ ነበረች፤ ከአባቷ ጋር አትነጋገርም።

የውሰቱ ጊዜ አለቀና መሣሪያው ሊሄድ ሆነ። ሣጥን ውስጥ ስናስገባ አንዲት ልጅ ትንሽ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በሠርግ መጥሪያው ፎቶ ስላየኋት ጫልቱ መሆኗን አወቅሁ። ዶክተርም አወቋት መሰለኝ፤ ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

«ያን ነገር የተናገረው ማሽን የትኛው ነው?» አለች።

ሣጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው። ጥቁር ሣጥን ነው፣ ምንም የሚታይ የለው።

«ይናገራል?»

«አይናገርም» አሉ ዶክተር። «ቁጥር ነው የሚያወጣው።»

«የሰው ስም ያወጣል?»

«አያወጣም ልጄ።»

«ታዲያ ስሙን ማን ጠራው?»

ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው ነው የጠየቀችው። ዶክተር ቆመው ዓይኗን አዩ። «እኔ» አሉ። «ማን ነው እዚያ ያለው ሲሉኝ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ጫልቱ ትሰድባለች ብዬ ነበር። አልሰደበችም። «እሺ» አለች። «የት እንደሆነ ንገሩኝ።»

«መተሃራ ነው ብለዋል እናቱ። ከዚያ በላይ አናውቅም። አባትሽ መሄድሽን ያውቃሉ?»

«ሂጂም አላለኝ፣ አትሂጂም አላለኝ። በሩን ከፍቶ ቆመ።»

መናኸሪያ ድረስ እኔ ሸኘኋት። መንገድ ላይ ስለ ጠዋቶቹ ነገርኳት፤ ስለ ሸንኮራው ቀልድ፣ በሥራ መሀል ስለሚዘምረው መዝሙር። «የትኛውን መዝሙር?» አለችኝ። ዜማውን እንደ ምንም አንጎራጎርኩላት፤ እኔ ድምፅ የለኝም። ሳቀችብኝ። ረዳቱ «መተሃራ አንድ ሰው! አንድ ሰው የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ሻንጣዋን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ስልኬን በወረቀት ጽፌ በመስኮት ሰጠኋት። «ስታገኚው ደውዪልኝ» አልኳት። «እሱ ይደውልልዎታል» አለችኝ።

አልደወለም። እሷም አልደወለችም። አስካለ «ሳታገኘው ቀርታ ይሆናላ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ትላለች። እኔ ግን አግኝታዋለች እላለሁ። አግኝታው፣ ወረቀቱም መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ ሁለቱም አንድ ቤት ተቀምጠው እኔን ጨርሰው ረስተውኛል።